በአቶ ጌታሁን ስም

አቶ ጌታሁን ማረፋቸውን የነገረችኝ ማርታ ናት። ስልኩን ገና እንዳነሳሁት፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ጌታሁን እኮ ሞቱ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ አዘንኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ሞት ራሱ ሊወስዳቸው ሲመጣ መነጽራቸውን አውልቀው «ተጠንቶ ይቅረብ» ሳይሉት አይቀሩም ብዬ ነው። ማርታም ከወዲያ ማዶ ሳቋን ስታፍን ይሰማኛል። ብዙ ዓመት አብሮ የሠራ ሰው ሌላው በምን እንደሳቀ አይጠፋውም።

እኔ ከዲላ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ያኔ ግን፣ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ የጌዴኦን ቡና ገበሬዎች በሚደግፍ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስታችንም አንድ ኮሪደር ላይ ነበርን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራውም፤ ዛሬም ደመወዝ የሚበሉበት ሰዎች አሉ። አቶ ጌታሁን የሥልጠናና መረጃ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ማርታ የቡና ጥራት ባለሙያ ናት። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ተቀጠርኩ እንጂ ዋናው ሥራዬ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ማስለቀቅ ነበር።

አቶ ጌታሁን የዲላ ልጅ ናቸው። አባታቸው ከሸዋ መጥተው ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጅየው ግን ሱቁን ንቀው ቢሮ መረጡ። ዝናብም ሆነ ፀሐይ ኮታቸውን አያወልቁም። ደረት ኪሳቸው ላይ ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ እስክሪብቶ ይሰካሉ። በአረንጓዴ መጻፍ የሚገባው ኃላፊ ብቻ ነው ብለው ከልባቸው ያምናሉ። አንድ ቀን ሳላውቅ አረንጓዴ ይዤ ስብሰባ ብገባ ከእጄ ላይ ቀስ አድርገው ወሰዱና ሰማያዊ ሰጡኝ። አልተቆጡም። ሕፃን ልጅ ከእሳት ያራቁ ነው የመሰላቸው።

«ተጠንቶ ይቅረብ» የሚለው ቃል የሚወጣውም ከዚያችው አረንጓዴ እስክሪብቶ ነው። የቀረበላቸው ወረቀት ጥግ ላይ ሰያፍ አድርገው ይጽፉታል፣ ከሥሩ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ክዳኑን ቀጭ አድርገው ይከድኑና ትልቅ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ወንበራቸውን ደገፍ ይላሉ። የሽንት ቤታችን መቀርቀሪያ የተሰበረ ጊዜ ይጠገንልን ብንል ተጠንቶ ይቅረብ ተባለ። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ሠራተኛው፣ ሴት ወንድ ሳይል፣ ውስጥ መሆኑን ለማሳወቅ እየዘፈነ ነው የተገላገለው። የሒሳብ ክፍላችን ኃላፊ ድምፀ መረዋ መሆኗን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ሐቁን መናገር ካለብኝ ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። ሰው ሲሞትበት ጥናት አይጠይቁም፤ ድንኳን ውስጥ ቀድመው የሚቀመጡትም፣ መጨረሻ የሚነሱትም እሳቸው ነበሩ። የጥበቃው ሚስት ምጥ ቢጠናባት ስብሰባ በትነው በራሳቸው መኪና ሆስፒታል አድርሰዋታል። ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ነው ሌላ ሰው የሚሆኑት።

የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ የማርታ መመሪያ ነው። ማርታ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች መመሪያ ትጽፋለች፤ እሸቱ እንዴት እንደሚለቀም፣ ከተፈለፈለ በኋላ ገንዳ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚብላላ፣ ማስጫ አልጋ ላይ ምን ያህል ሳስቶ እንደሚሰጣ። በየዓመቱ ይሻሻላል፣ ይታተማል፣ ይበተናል። አዲሱ ሲመጣ ግን አሮጌውን ከግድግዳ የሚያነሳ የለም። ኮንጋ ጣቢያ የተለጠፈው ሌላ፣ አሪቻ ያለው ሌላ፣ የሬኮውን ደግሞ ዝናብ አጥቦት ርዕሱ ብቻ ቀርቷል።

የኮንጋው ጣቢያ ኃላፊ በራሶ ይባላል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግድግዳው ላይ ያለውን አሮጌ መመሪያ አምኖ ቡናውን ገንዳ ውስጥ ሰባ ሁለት ሰዓት አቆየው። አዲስ የገባው መፈልፈያ ማሽን ፍሬው ላይ ያለውን አብዛኛውን ልጋግ አብሮ ስለሚያነሳ በአርባ ስምንት ሰዓት መውጣት ነበረበት። ቡናው ኮመጠጠ፤ ቀማሾቹ ገና ሲያሸቱት ፊታቸውን አጨማደዱ። በራሶ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ዳግመኛ ከተደገመ ከሥራው ይሰናበታል። መመሪያውን የጻፈውም ያልለወጠውም እሱ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው ግን የደረሰው ለሱ ነው።

እኔም መፍትሔ አለኝ ብዬ ልቤ አበጠ። «ዊኪ እንጠቀም» አልኩ። ዊኪ ማለት ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ የተፈቀደለት ሠራተኛ ሁሉ «አስተካክል» የምትለዋን ተጭኖ የሚያርመው ገጽ ነው። አሮጌ ቅጂ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሦስቱም ጣቢያ የሚያየው ያንኑ ነው። ጣቢያዎቹ ቀደም ሲል አንዳንድ ላፕቶፕና የሲዲኤምኤ ኢንተርኔት መቀበያ ተሰጥቷቸዋል፤ የመፈልፈያው ጄኔሬተር ሲነሳ ላፕቶፑም አብሮ ቻርጅ ይደረጋል። እሸቱ እስኪቀላ ገና ወራት ስለነበሩን ሶፍትዌሩን መርጬ፣ ጭኜ፣ የማርታን መመሪያ ለማስገባት ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ። አቶ ጌታሁንን አላሰብኳቸውም።

ወዲያው የዊኪ መረጣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሦስት ሶፍትዌሮች አቀረብኩ፤ የእንግሊዝኛ ስማቸው ለአፍ ስለከበደ ኮሚቴው ራሱ ስም አወጣላቸው። አንደኛው ታላላቅ ድረ ገጾች የሚሠሩበት፣ ሁሉ ነገር የተጫነበት፣ የእኛን ሰርቨር ግን የሚያስተኛ ነበር፤ «ሎንቺናው» ተባለ። ሁለተኛው ዳታቤዝ እንኳ የማይፈልግ፣ ገጹን በተራ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ በደካማ ኢንተርኔት ቶሎ የሚከፈት ነው፤ «ባጃጁ» ተባለ። ሦስተኛው በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልበት ስለሆነ «ቪኤይቱ» አሉት። እኔ ለባጃጁ ተከራከርኩ።

«ባጃጁ ዋጋው ስንት ነው?» አሉ አቶ ጌታሁን።

«ነፃ ነው።»

«ይሁን። ሦስት ፕሮፎርማ ግን ያስፈልጋል።»

«የሚሸጠው የለም እኮ፤ ፕሮፎርማ ማን ይሰጠናል?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሻጭ የሌለውን ዕቃ መሥሪያ ቤቱ ከማን ይረከባል? ንብረት ክፍልስ በምን ያስገባዋል?»

የንብረት ክፍሉ ሰውዬም ኮሚቴው ውስጥ ነበርና በጥልቅ ሐሳብ ራሱን ነቀነቀ። ተጠንቶ ይቅረብ ተባለ። አንድ ወር በዚህ አለፈ። በመጨረሻ በስጦታ እንደተገኘ ንብረት ይቆጠር ተብሎ ስንስማማ፣ ለሰጪው የምስጋና ፕሮግራም ይዘጋጅ ያለ አባልም አልጠፋም።

በቀጣዩ ስብሰባ ግን ጉዱን ያፈላሁት እኔ ራሴ ነኝ። የዊኪን ውበት ላሳያቸው ብዬ የለውጦች ታሪክ የሚባለውን ገጽ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ለቀቅኩት። «ይኸውላችሁ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፣ «ማን፣ መቼ፣ የቱን ቃል እንደቀየረ ሁሉም ተመዝግቦ ይቀራል። አይጠፋም።»

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መጻፉን አቆመ።

«በጭራሽ አይጠፋም?» አለች ማርታ።

«በጭራሽ።»

«ማለት፣ ለምሳሌ የበላዬ የጻፉትን እኔ ባስተካክል፣ ስሜ እዚያው ይወጣል?»

«አዎ! ስህተቱ በቀይ፣ ያንቺ እርማት በአረንጓዴ።»

ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ፈለገ። አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ ጫማውን፣ ማርታ ጥፍሯን። አቶ ጌታሁንን ብቻ ያየ ሰው የለም። እሳቸው የእስክሪብቷቸውን ክዳን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እኛ ዘንድ አለቃ ቢሳሳት ከስብሰባ በኋላ በር ላይ ጠብቀህ፣ መጀመሪያ አመስግነህ፣ ዞር ዞር ብለህ፣ ነገሩን ራሳቸው ያገኙት እንዲመስላቸው አድርገህ ነው የምትናገረው። እኔ ያንን ሁሉ ጥበብ አፍርሼ የአለቃን ስህተት በቀንና በሰዓት ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ መሣሪያ ይዤላቸው መጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምርጫው መስፈርት ተለወጠ። ጮክ ብሎ የተናገረው የለም፤ ግን ስለ ፍጥነቱም፣ ስለ ሰርቨሩም፣ ስለ ዐማርኛ ፊደሉም የሚጠይቀኝ ጠፋ። ጥያቄው ሁሉ «ኃላፊው ሳያውቁት የሚወጣ ነገር አይኖርም?» ሆነ። ባጃጁ ላይ የምትገጠም አንዲት ማጽደቂያ አገኘሁ፤ ኃላፊው «አጽድቅ» እስኪሉ ድረስ ማንም የጻፈው ለጣቢያዎቹ አይታይም። ባጃጁ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። በጭብጨባ።

ማርታ መመሪያዋን በሙሉ በስሟ አስገባች። ተራ ጠበቀ። አቶ ጌታሁን ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የአልጋው ኮሚቴ፣ የለቀማው ኮሚቴ፣ የውኃው ኮሚቴ። እሳቸው በበኩላቸው እየነገሩኝ እኔ እየጻፍኩላቸው «የኃላፊው መልእክት» የሚል ገጽ ከነፎቶአቸው አወጡ። የይለፍ ቃላቸውም እኔው ጋ ነበር፤ «አንተ ያዘው፣ እኔ ጋ ይጠፋል» ብለውኝ። ቀጥለው የማብላላቱን ገጽ፣ ዋና ስለሆነ፣ ራሴ ነኝ የምጽፈው አሉ። ከመሳቢያቸው አንድ ያረጀ መመሪያ አውጥተው አነበቡልኝ። «ሰባ ሁለት ሰዓት» ሲሉ ጣቶቼ ቆሙ። «ምነው?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ፣ ጻፍኩት። የራሳቸውን ገጽ ለማጽደቅ ኮሚቴ አላስፈለጋቸውም።

ከገጹ ሥር አስተያየት መስጫ ነበረች። በማግስቱ ሞላች። «ክቡር ኃላፊያችን፣ ዕድሜ ይስጥልን።» «ለመጪው ትውልድ የሚተርፍ ሥራ።» «እንዲህ ያለ ግልጽ ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም።» ስህተቱን የመሥሪያ ቤቱ ቡና አዋቂ ሁሉ አይቶታል። በድፍረት ከሁሉ የበለጠችው ማርታ ነበረች፤ «በተለይ ሰዓቱ በጣም አስገርሞኛል» ብላ ጻፈች። አቶ ጌታሁን ደስ አላቸውና አመሰገኗት።

ጥቅምት ላይ እሸቱ ቀላ። አንድ ረፋድ በራሶ ከኮንጋ ደወለልኝ።

«ወንድም፣ ኮምፒውተሩ ሰባ ሁለት ትላለች። ማርታ በስልክ አርባ ስምንት ትላለች። ማንን ልስማ?»

«ማርታን ስማ።»

«ማርታን ሰምቼ ቡናው ከተበላሸች ገጹ ሌላ እያለች ለምን በራስህ አወጣህ ይሉኛል። ገጹን ሰምቼ ከተበላሸች እንደ አምና ነው። ሁለቱም ያስባርረኛል።» ከጀርባው የማሽኑ ጩኸት ይሰማል። «ቡናው ገንዳ ገብታለች። አርባ ስምንት ነገ ጠዋት ትሞላለች። ያቺን ገጽ አስተካክሉልኝ፣ እኔ ሌላ አልለምንም። ልጆች አሉኝ፣ ወንድም።»

ማርታ ይህን ስነግራት ተነስታ በቀጥታ አቶ ጌታሁን ቢሮ ገባች። ተከትያት ገባሁ። አንበሳ ሆና ነው የገባችው።

«አቶ ጌታሁን፣ ያ የማብላላት ገጽ በጣም ጥሩ ነው፤ ምናልባት ሰዓቷን...»

«ጽሑፌ ላይ ስህተት አለ እያልሽ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እንግዲያስ?»

«እንዲያው ከአዲሱ ማሽን አንጻር...»

«ተጠንቶ ይቅረብ» አሉና መነጽራቸውን አጠለቁ። ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ማርታ እንባዋ መጣ፤ በሳቸው ይሁን በራሷ መናደዷን አላውቅም። በሁለቱም ይመስለኛል።

ስድስት ሰዓት ሆነና ሁሉም ለምሳ ወጣ። እኛ ቀረን። የማርታን እርማት በማርታ ስም ባስገባ ማጽደቂያው ላይ ተሰክቶ ይቀራል። በእኔ ስም ባስገባም ያው ነው። ያለ ኮሚቴ የሚያልፈው የአንድ ሰው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ተያየን። «የይለፍ ቃሉ አንተ ጋ ነው አይደል?» አለች። በአቶ ጌታሁን ስም ገባሁ። እሷ ከጀርባዬ ቆማ እየነገረችኝ ሰባ ሁለቱን አጥፍቼ አርባ ስምንት ጻፍኩ፤ ምክንያቱንም ከማሽኑ ጋር አያይዘን አስረዳን። የለውጦች ታሪኩን ከፈትኩት። ጌታሁን ጻፈ፣ ጌታሁን አረመ። የተዋረደ ሰው የለም። ለበራሶ ደወልኩና «ገጹን ክፈት» አልኩት።

በሰኞው ስብሰባ አንዱ አጨብጫቢ ተነስቶ «ኃላፊያችን የራሳቸውን ጽሑፍ በራሳቸው ማሻሻላቸው ለሁላችንም ትምህርት ነው» አለ። አቶ ጌታሁን ለቅጽበት ግራ ገባቸው፤ እኔን አዩኝ፣ ማርታን አዩ፣ የእስክሪብቷቸውን ክዳን ቀጭ አደረጉ። «አዎ» አሉ፣ «እንደገና አጥንቼው ነው።» ተጨበጨበ።

የኮንጋ ቡና በዚያ ዓመት ቀማሾች እየተጠራሩ የቀመሱት ቡና ሆነ። በራሶም አንድ ቀን በኮባ የተጠቀለለ ቡላ ተሸክሞ ከች አለ። እኔንና ማርታን አልፎን በቀጥታ አቶ ጌታሁን ጋ ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ አንተ ነህ ያተረፍከኝ» አላቸው። «አለቃ ሆኖ ተሳስቻለሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም።» አንስተው አቀፉት። ዐይናቸው እርጥብ ነበር፤ ሰውዬው ሲመሰገኑ ከልባቸው ነው የሚነኩት። በራሶ ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። «እናንተ ታውቁ ነበር፣ በስልክ ብቻ ነገራችሁኝ። ፈራችሁ» አለ። ማርታ ጎንበስ ብላ ቡላውን አነሳችልኝ። ቡላውን ተሸክሜ አቶ ጌታሁን መኪና ውስጥ ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። «በሩን ዝጋው» አሉ። ኮምፒውተራቸውን በራሳቸው ከፍተው ገጹን እያዩ ነበር። «ማስተካከያዋ የቷ ናት?»

አሳየኋቸው።

«ስለዚህ እኔ የተጫንኩት ይህችን ነው?»

«አዎ፣ አቶ ጌታሁን።»

«በምሳ ሰዓት ይላል። እኔ በምሳ ሰዓት ቤቴ ነኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጠረጉ። ከዚያ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «የይለፍ ቃሉን ለማርታም ስጣት» አሉኝ። «ብቻ በስሜ የማይሆን ነገር እንዳትጽፉ።»

ይህ ደግነት ነው ወይስ ሌብነት? እስከ ዛሬ ስከራከር እኖራለሁ። የሰው ሥራ በስማቸው ወጣ፤ ምስጋናውንም ዐይናቸውን በጨው አጥበው በሉት። ግን ደግሞ ስሙን ለእርማት ክፍት አድርጎ የተወ አለቃ ከሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም። ስንቱ ኃላፊ ያንን ታሪክ አይቶ ያባርረን ነበር። እወዳቸዋለሁ፤ ሳስባቸው ግን ጥርሴን እነክሳለሁ።

ወሬው ቀስ ብሎ ተሰራጨ። የውኃው ኮሚቴ አባል መጥቶ በጆሮዬ «ያቺን የይለፍ ቃል ለእኔም» አለኝ፣ የለቀማውም ቀጠለ። ማንም ማንንም ሳያሳፍር ዊኪው ተስተካከለ። አቶ ጌታሁን ወናጎ ሠርግ ላይ ተቀምጠው የማሽን ቀበቶ አስተካከሉ፤ ደም ግፊት ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ስለ ማስጫ አልጋ ሁለት ገጽ ጻፉ። ዐማርኛቸውም እያደር አማረ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ታሪኩን አገላብጠው አንድ ሰው ይህን ሁሉ መጻፉ እጅግ ይደንቃል አሉና ሽልማት ሰጧቸው። አቶ ጌታሁን ሽልማቱን ተቀብለው ስለ ትጋት ንግግር አደረጉ። ረጅም ንግግር።

ጡረታ ሲወጡ ጋቢ አለበስናቸው። ሽኝቱ አልቆ ሰው ሲበተን ማርታን ጥግ ላይ አገኘኋትና በደስታ፣ «በቃ፣ ነገ የሳቸውን ስም እዘጋዋለሁ፤ ከእንግዲህ በራስሽ ስም ትጽፊያለሽ» አልኳት።

ማርታ እጄን ያዘችኝ። «ተው፣ እንዳትዘጋው» አለች። «በሳቸው ስም ስጽፍ በራሶ ይሠራበታል። በራሴ ስም የጻፍኩ ቀን ኮሚቴ ይቋቋማል።»